ከነዳጅ ክዳኔ ሥር ስላወጣሁት ክር

ለተከበሩ ጋሽ ኃይለማርያም፣
የሰፈራችን ታክሲ ባለንብረቶች ማኅበር ሊቀመንበር
ፒያሳ

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት፣ በተለይም የአፍንጫዎን ደኅንነት ከልብ እመኛለሁ፤ የሰውን ሌብነት ከሩቅ የሚያሸት አፍንጫ ጉንፋን ቢይዘው ማኅበራችን ያለ ዳኛ ይቀራልና።

ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍሁት ድፍረት አግኝቼ አይደለም። የሹፌሬ የእምሩ ስም «በነዳጅ ስርቆት የተባረረ፤ ማንም እንዳይቀጥረው» ተብሎ የተለጠፈው እዚያው ስለሆነ ጎን ለጎን ቢነበቡ ብዬ ነው። ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ፦ በስብሰባ ላይ ሹፌር እንደማይታመን አስተምረው፣ ከነዳጅ ክዳኑ ሥር ክር አስገብተን እንድንዘጋ፣ ክሩ ከቦታው ከታጣም ቤንዚን እንደተቀዳ እንድናውቅ ስለመከሩን አመሰግናለሁ። ልጆቼን አምስት ኪሎ ትምህርት ቤት እያመላለሰ ያሳደገልኝን ሰው ልሰልል፣ ከነጠላዬ ጥለት ወፍራሙን ክር በገዛ እጄ መዝዤ አስገባሁ። ነዳጅ ሲሞላም አብሬ እየሄድሁ፣ እሱ ዞር ሲል መልሼ አኖረው ነበር።

2ኛ፦ ብዙም ሳይቆይ ያ ብርቱካናማው የቼክ ኢንጂን መብራት በራ፤ መኪናዋም ፀሐይ ላይ ስትቆም ቤንዚን ቤንዚን መሽተት ጀመረች። እርስዎ ግን በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ከማኪያቶዎ ሳይነሡ፣ የሞተሩን ኮፈን ሳያስከፍቱ «ይኸው መብራቱ ራሱ ሌባ እያለ ነው!» ብለው ፈረዱ። የመኪናዋ ሠሪዎች እንኳ ያላወቁትን የመብራት ትርጉም ስለገለጡልን ባለውለታዎ ነን። ክሩ በየምሽቱ ካኖርሁበት ሳይነቃነቅ ይገኝ ነበር። ለእምሩ መሰከረለት ማለት ነው። እኔ ግን የገዛ ምስክሬን ትቼ የእርስዎን ቃል አመንሁና ቁልፉን ተቀብዬ አሰናበትሁት።

3ኛ፦ እምሩ ሄደ፤ መብራቱ ግን አልሄደም። ሽኩር የሚባል መካኒክ መመርመሪያውን ሰክቶ አየና «እትዬ፣ የምን ሌባ ነው! የቤንዚን ትነት ነው እንጂ። የሆነ ቦታ አየር ያስወጣል፤ ከክዳኑ ይጀምሩ» አለኝ። እኔም የቡታጋዝ ሲሊንደር ስቀይር እንደማደርገው፣ በተዘጋው ክዳን ዙሪያ የሳሙና አረፋ ቀባሁና ጠበቅሁ። ታንከሩ ፀሐይ እየሞቀው ሲሄድ አረፋው በአንድ ቦታ ብቻ ይነፋና ይፈነዳ ጀመር፦ ክሬ በተኛበት። ለካ በክሩ የተነሣ ክዳኑ ገጥሞ አልተዘጋም ኖሯል። ሌባ ሊይዝ የገባው ክር የቤንዚኔን ትነት ለፒያሳ ሰማይ ሲያድል ከርሟል። አውጥቼ ጣልሁት፤ ክዳኑን ቀጭ እስኪል አጠበቅሁት፤ መኪናዋ ጥቂት ቀን እንደሠራች መብራቱ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ እሪ በከንቱ ሰፈር፣ እምሩ ቤት ሄድሁ። ያንን ማስታወቂያ ያነበበ ባለንብረት ሁሉ ስላባረረው ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። የምለውን በመንገድ ሳጠናው ብሄድም ደጁ ላይ ጠፋኝ፤ ስለ ክሩ ብቻ ጀመርሁለት። «እትዬ፣ ክሩንማ ከመጀመሪያው ቀን አይቸዋለሁ» አለኝ። «እንዳያፍሩ ብዬ ነው ዝም ያልሁት።»

ጋሽ ኃይለማርያም፣ ይህን ሲለኝ እርስዎ አብረውኝ ቢኖሩ እንዴት ደስ ባለኝ! ለብቻ የሚሸከሙት አይደለም።

ስለዚህ ስሙ ከሰሌዳው እንዲወርድ፣ ንጹሕነቱም ስርቆቱ በተነገረበት ስብሰባ ፊት በእርስዎ አንደበት እንዲነገር በትሕትና አመለክታለሁ። ቦታው ባዶ እንዳይቀር «ሹፌሯን በሐሰት የከሰሰች፤ ማንም እንዳይቀጠርላት» ብለው የእኔን ስም ይለጥፉበት። ቅር አይለኝም። ቁልፉን መልሼ ብሰጠው እስካሁን አልተቀበለኝም።

ምክርዎን ከነክሩ ተቀብላ ለሰው እንጀራ መቆረጥ እጇን ያዋሰችው፣
ታዛዥዎ ሰርክአዲስ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ወደ ሥላሴ ሲሸኙኝ ዳሽቦርድዎ ላይ ጥቁር ናስትሮ ተለጥፎ፣ በጠርዙ በኩል ብርቱካናማ ብርሃን ሾልኮ አይቻለሁ። መኪናዎን ከእርስዎ በቀር የሚነዳው ሰው የለም። መብራት ሌባን ይጠቁማል ካሉ ዘንዳ፣ የእርስዎን ማስታወቂያ ስንጽፍ የአባትዎን ስም እንዳንሳሳት ቢነግሩን።