የዘይት ጌጅና የእሑድ ሽማግሌዎች

ሰኞ፣ ጥር 15። ከት/ቤት መልስ።

ዛሬም በራች። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የዘይት መብራት። መናኸሪያው ጋ ስታጠፍ ብልጭ፣ ስፈጥን ጥፍት። ዘይቱን ለካሁ፤ ሙሉ ነው።

ሌላ ሳምንት ቢሆን ዝም እላት ነበር፣ ደብተሬ። እሑድ ግን ሽማግሌዎቼ በዚህች መኪና ጊንጪ ይሄዳሉ፤ የአስቴርን አባት «ልጅዎን ለልጃችን» ሊሉ። ሁለተኛ ጉዟቸው ነው። በመጀመሪያው አባቷ ኦቦ ቶሎሳ ከበር አቁመው ሰሙና «እንምከርበት፣ ለማርያም ተመለሱ» አሏቸው። ወጉ ነው፤ በአንድ ቃል እሺ የሚል አባት ልጁን የሚያባርር ይመስላል። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ኦቦ ቶሎሳ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። አስቴር እንደምትለው ሰውን የሚመዝኑት በሞተሩ ድምፅ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 16።

ጋሽ ለሚ ጋራዥ። ኮፈኑን ከፈቱ፣ አዳመጡ፣ ሻይ አዘዙ። ፍርድ፦ ሞተሩ ጤነኛ፣ ውሸታሙ ቡልቦው። ቡልቦ አውራ ጣት የሚያክል ብረት ነው፤ ሞተሩ ላይ ተጠምዝዞ የዘይቱን ግፊት ለመብራቷ ያወራል። ሲያረጅ ይቀባዥራል አሉ። እንደ ሰው።

ሌላ ቡልቦ አምቦ ውስጥ ጠፋ። አዲስ ዓለም ከተማ ካለ ሱቅ በሚኒባስ ይላካል ተባለ።

ረቡዕ፣ ጥር 17። 10 ሰ.

አዲሱ ቡልቦ ገባ። መብራቷ ጠፋች። ደስታዬ እስከ ድልድዩ ድረስ ቆየ፤ ከዚያ ጥርጣሬ ገባኝ።

የታሪክ መምህር ነኝ፤ በአንድ ምንጭ አላምንም። ተመልሼ ጌጅ ይግባልኝ አልኩ፣ ግፊቱን በመርፌ የሚያሳይ። ጋሽ ለሚ መፍቻቸውን አስቀመጡ።

«መምህር፣ ዝም ካለች ምን አድርጊ ትላታለህ?»

ይግባልኝ አልኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 18። ማታ ሊሆን ነው።

ገባ። ከፈረሰ አይሱዙ የተነቀለ፣ ሬዲዮው ጎን። ሞተሩ ሳይሞቅ መርፌው መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ኮራሁ። ጉደር ድረስ ነድቼ ተመለስኩ። ጋራዡ በር ላይ ስቆም መርፌው ተኛ። ዜሮ አጠገብ።

መብራቷ ሰላም ነው ትላለች። መርፌው ሞት።

ጋሽ ለሚ ገለጹልኝ፦ መብራቷ የምትናገረው ነፍስ ልትወጣ ስትል ነው፤ መርፌው ከሕመሙ ጀምሮ ይናገራል። የሞተሩ ውስጥ ተበልቷል ማለት ነው። የማክሰኞው ጤንነትስ? አልኩ። ማክሰኞ ጌጅ አልነበረም አሉ። ተፈትቶ እስኪገጠም ሁለት ሳምንት። ወፍራም ዘይት ጨመሩ፤ መርፌው ትንሽ ቀና አለ። እሑድ ታደርሳቸው ይሆናል፣ ለመልስ ጉዞው ግን ዋስ አልሆንም አሉ።

«ባትጠይቃት አትነግርህም ነበር» አሉ ሲሸኙኝ።

ዓርብ፣ ጥር 19።

ለኦቦ ገመቹ ተናገርኩ። አከራዬ ናቸው፣ የሽማግሌዎቼም መሪ። መኪና ልከራይላችሁ አልኳቸው። አይሆንም። መጀመሪያ በዚች ሄደናል አሉ፣ ነገር ተጀምሮ መጓጓዣ ከተቀየረ ሚልኪው ይበላሻል፣ ገዱ ይሸሻል። መንገድ ላይ ከቆመችም ያው፤ ወደ ቤት እንመለሳለን።

«ፈረስ የሚቀየረው ሲሞት ነው፣ ልጄ።»

እሱኑ እያልኩዎት ነው አልኩ። ሳቁ። ከዚያ ኮፈኑ ላይ እጃቸውን ጭነው በኦሮምኛ መረቁ፤ ረጅም፣ የሚያምር ምርቃት። መጨረሻ ላይ እንትፍ እንትፍ አሉባት። ሞተሩን አስነስቼ መርፌውን አየሁ። ንቅንቅ አላለም።

ቅዳሜ፣ ጥር 20።

የሚነዳው ደረጀ ነው፣ ባልደረባዬ፣ የጂኦግራፊ መምህር። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ቤቴ ቁጭ ብዬ የማላውቀውን እጠብቃለሁ።

መርፌውን እያየህ ንዳ አልኩት። ከወደቀ? አለ። ትቆማለህ። ከቆምኩ ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ። እንግዲያው አትቁም።

«ታዲያ ለምን አየዋለሁ?»

ቁልፉን ሰጠሁት።

እሑድ፣ ጥር 21፣ ማርያም። ጠዋት 3 ሰ.

ሄዱ። ሦስት ነጭ ጋቢ፣ አንድ ጂኦግራፊ።

4 ሰ. ተኩል።

የደረጀ መልእክት፦ «ጊንጪ ገባን። መርፌው ተኝቷል። ሰዎቹ ደህና ናቸው።»

7 ሰ.

ምንም። አንድ ሸሚዝ ሁለት ጊዜ አጠብኩ።

9 ሰ.

መጡ። በሚኒባስ።

ደረጀ እንደተረከልኝ፦ በሩ ጋ ሲደርሱ ኦቦ ገመቹ ጉሮሯቸውን ሳይጠርጉ ኦቦ ቶሎሳ ራሳቸው ወጡ። እጃቸውን አንስተው፣ ሞተሩን አጥፋው አሉት። ኮፈኑን አስከፈቱ። ሽማግሌዎቹ ዙሪያውን ቆሙ፤ ለአባትየው የተዘጋጀውን ንግግር ሞተሩ ሰማው። ቀጥሎ ኦቦ ቶሎሳ ወደ መኪናዋ ውስጥ አጎነበሱና ጌጁን አዩ።

«ይሄን ማን አስገባው?»

ልጁ፣ አለ ደረጀ።

«መቼ?»

ሐሙስ።

«አሃ። እያወቀ ነው የላካችሁ።»

ሌላ አልጨመሩም። አስገብተው አበሏቸው። ስለ አስቴር እሺም እምቢም የለም። መኪናዋ ግን ከግቢዬ አትወጣም አሉ፤ ባለቤቷ ነገ ይምጣና በእጁ ይፍታት፣ እኔ ቆሜ አያለሁ።

ኦቦ ገመቹ እንዲህ ያለ ሰምተው አያውቁም። ቃል ሳይሰጠው ሙሽራ የአማቱን ደጅ አይረግጥም። ሚልኪው ጥሩ ይሁን መጥፎ አድረው ይነግሩኛል።

ያ ጌጅ ባይኖር አላወቅኩም እል ነበር።

11 ሰ.

አስቴር ደወለች። አባቷ የሰው መኪና ግቢያቸው አሳድረው አያውቁም። ይሄ ጥሩ ነው? አልኳት። አላውቅም አለች። አሁን የእጅ ባትሪ ይዘው ከመኪናዋ ሥር ተኝተዋል አለች።

ከርእሰ መምህሩ የነገን ፈቃድ ጠየቅኩ። ምክንያት ሲለኝ የቤተሰብ ጉዳይ አልኩ፣ ወይ ውሸት ነው ወይ ገና ነው።

ሱፌ ተተኩሶ ተሰቅሏል። ከጎኑ ከጋሽ ለሚ የተዋስኩት ቱታ፣ ደረቱ ላይ የዘይት እድፍ ያለበት። በመጀመሪያው ሚኒባስ እሄዳለሁ። ቱታውን ለብሼ። አላጥበውም።