ብላቴ ዳር የከፈትኩት መጽሐፍ

አባባ፣ ዓለሜ፣

አፈር ካለበስንህ አሥራ አንድ ወር ሞላ። እናቴ ደህና ናት። የሣር ክዳኑን አንስተን ቆርቆሮ ስላለበስነው ዝናብ ሲመጣ እርስ በርስ አንሰማማም፤ አባትሽ ቢኖር እየጮኸ ያነብልን ነበር ብላ ትስቃለች፣ ከዚያ ታለቅሳለች። በጸሎት ቤት ከሰባኪው በስተግራ፣ አንተ ትቆምበት በነበረው ቦታ፣ አንድ ወጣት ይተረጉማል። ይቸኩላል። ሰባኪው አማርኛውን ሳይጨርስ እሱ ወላይትኛውን ጨርሶ ይጠብቀዋል።

የምጽፍልህ ግን ወሬ ለማድረስ ብቻ አይደለም። ጥፋት አጥፍቻለሁ። ነገ እሁድ ነው፤ ከዚያ በፊት ልንገርህ።

ያ ሽፋኑ የተገነጠለ ልብ ወለድ ከእጅህ ተለይቶ አያውቅም ነበር። ከእራት በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ታነባለህ፣ ቀና ትልና በወላይትኛ ትነግረናለህ፣ ልክ በጸሎት ቤት እንደምታደርገው። ከዳሞታ ተራራ ሥር ካለው ምንጭ ቅሏን ረስታ የሄደችው ልጅ፣ በበዴሳ ገበያ ስትፈልጋት የዋለችው እናት፣ ብላቴ ሞልቶ ሳለ ተሻግሮ የመጣው እጮኛ። ደራሲው አገራችንን እንዲህ ካወቀ መቼም እዚህ ኖሯል እልህ ነበር። ቦታዎቹን አብረን እንይ ስልህ በየዓመቱ ለከርሞ ትለኝ ነበር። ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። እኔም አማርኛ ተምሬ፣ አስተማሪ እስክሆን ድረስ፣ መጽሐፉን ራሴ ገልጬው አላውቅም፤ ያንተ ድምፅ የሌለበት ምን ያደርግልኛል?

ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ መጽሐፉን ይዤ ከአስካለ ጋር ተነሳሁ። አስካለ አብራኝ የምታስተምር የሸዋ ልጅ ናት፣ ወላይትኛ አትሰማም። ሴቶች ብቻችሁን አትሄዱም ተባልንና ሽማግሌው አቶ ላሊሶ ተከተሉን፤ የሳቸው አማርኛ ደግሞ ከገበያ ሰላምታ አያልፍም። አዎ፣ እኚያው አቶ ላሊሶ። ይህ አስተርጓሚ ከራሱ ይጨምራል እያሉ ስምህን ሲያነሱ የኖሩት። ታመህ በተኛህበት እንኳ አልጨመርኩም፣ አልጨመርኩም ስትል ሰምቼሃለሁ።

ምንጩን አየን፣ የበዴሳን ገበያ ዞርን። በሦስተኛው ቀን ብላቴ ደረስን። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ መጽሐፉን ስከፍት አቶ ላሊሶ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙና፣ እንዳባትሽ አድርገሽ አንብቢልን፣ ሰውየው ምን ብሎ እንደጻፈ እስቲ ልስማ አሉ።

አባባ፣ ምንጭ የለም። ቅል የለም። ብላቴ የሚል ቃል እያገላበጥኩ ፈልጌ አጣሁ። መጽሐፉ ስለ አንድ የአዲስ አበባ ዳኛና ስለ ሦስት ልጆቹ ነው! ሽማግሌው አፍ አፌን ያያሉ፣ አስካለ በትከሻዬ ላይ ገጹን ታያለች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ አነበብኩና ቀና ብዬ በወላይትኛ ያንተን ታሪክ ነገርኳቸው። ዳኛው ካባውን ሲያወልቅ ልጅቷ ቅሏን ረሳች። ዳኛው ምሳውን ሲበላ እጮኛው ወንዝ ገባ። አስካለ በአማርኛው ታዛጋለች፣ አቶ ላሊሶ በወላይትኛው ያለቅሳሉ።

ስጨርስ ሽማግሌው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። እኔም ቤታችሁ መጥቼ ከአባትሽ የሰማሁት ይህንኑ ነው፣ አንዲት ቃል አልጨመረም፤ እሁድ በጉባኤው ፊት ቆሜ ይቅር በለኝ እለዋለሁ አሉ።

ስንት ዓመት የጠበቅነው ቃል ነው። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልወርድልኝ አለ። ዝም ብል ስምህ ይጸዳል፣ በውሸት። ብናገር ደግሞ፣ ልብ ወለዱን እንዲህ ያደረገ ወንጌሉንስ ምን አድርጎት ይሆን ይላሉ። እኔም ራሴ አልኩት፤ ማረኝ።

ዛሬ መጽሐፍ ቅዱስህን ከሳጥንህ አወጣሁ። ዳር ዳሩ በእርሳስ ተሞልቷል፤ ለአንዲት ቃል ሦስት አራት ወላይትኛ ጽፈህ ሰርዘሃል። ያን እሁድም አስታወስኩ፤ የሰባኪው አንድ ቃል ሲጠፋብህ፣ ላብህ እየወረደ፣ ይህን አላውቀውም ብለህ በሰው ሁሉ ፊት ዝም ያልክበትን። አቶ ላሊሶ ያን ቀን ፊት ወንበር ላይ ነበሩ። መጨመር ቢያምርህ ኖሮ ያኔ ትጨምር ነበር።

ስለዚህ ነገ ከጸሎት በፊት ሁለቱንም መጽሐፎች ይዤ ቤታቸው እሄዳለሁ። ያለቀሱበት ታሪክ የአባቴ ነው፣ ብላቴ ዳር የዋሸሁዎት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ያን እሁድም አነሳባቸዋለሁ። ይቅርታውን ቢያስቀሩት ያስቀሩት። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽህም።

ለእናቴ ቅድም ሁሉንም ነገርኳት። መደንገጥ አልታየባትም። ከጓዳ አንድ ያረጀ ቅል አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ልጅቷ እኔ ነኝ፣ ቅሉን ያመጣልኝም እሱ ነው አለችኝ። ከዚያ ትንሽ ፈገግ ብላ፣ ብላቴ ግን ያን ቀን ሞልቶ አልነበረም፣ ከጉልበቱ አላለፈም፤ ሙላቱን ብቻ ጨምሯል አለች።

አባባ፣ እኔ ሞልቶ እንደነበር አስታውሰዋለሁ።

ልጅህ አማረች