ለሌሊት ሠራተኞች እንቅልፍ የቆሙት የሲስተር ሊዮኒላ ቱሙላክ የሕይወት ታሪክ

ሲስተር ሊዮኒላ ኦምፓድ ቱሙላክ ከአባታቸው ከአቶ ኤሌውቴርዮ ኦምፓድ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ክሪስፒና ዋሂንግ እ.ኤ.አ. በ1956 በማክታን ደሴት፣ በኮርዶቫ ተወለዱ። አባታቸው ዓሣ አጥማጅ፣ እናታቸው በገበያው በር የዓሣ ሾርባ ሻጭ ነበሩ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ኮርዶቫ፣ ሁለተኛ ደረጃን በላፑላፑ ተከታትለው በ1978 በሴቡ ከተማ በነርስነት ተመረቁ። በአንድ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ሆነው ለዓመታት አገለገሉ። ከሌሊት ጥበቃ የሚመለሱትን አቶ ቢየንቬኒዶ ቱሙላክን የተዋወቁት ጠዋት ጠዋት ከሴቡ ከተማ ወደ ደሴቲቱ በሚያሻግረው ጀልባ ላይ ነው። ሁለቱንም እንቅልፍ ይጥላቸው ስለነበር፣ ቀድሞ የነቃው ሌላውን መቀስቀስ ጀመረ። በ1981 ተጋብተው አርሊንዳንና ሮዴልዮን ወለዱ።

በ1984 በደሴቲቱ የኢንዱስትሪ ቀጠና በአንድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ፋብሪካ ክሊኒክ ተቀጠሩ። በዚያ ፋብሪካ ፈረቃ በየሳምንቱ ይቀያየር ነበር። ሌሊት የሠራች ሴት ዕረፍት ሳታደርግ ወደ ከሰዓት፣ ከዚያም ወደ ጠዋት ትዞራለች። ሰው ሲጎድል ደግሞ ሌሊቱን ያነጋችው እዚያው ትቀጥላለች፤ ለዚህም «ለሥራ ብቁ ናት» የሚል የሲስተር ፊርማ ይጠየቅ ነበር።

በ1993 ኔኒታ ኢኖክ የምትባል ወጣት ሠራተኛ ሁለት ፈረቃ አከታትላ ሠርታ ስትመለስ፣ በባሏ ሞተር ሳይክል ላይ ከኋላ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳትና አስፋልት ላይ ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ። ሲስተር ሆስፒታል ሊጠይቋት ሲሄዱ፣ ኔኒታ ስለ ሕመሟ አንድም ቃል ሳትናገር «እትዬ፣ እዚህ እንዴት ደስ የሚል እንቅልፍ አለ መሰለሽ» አለቻቸው። ሲስተር ከዚያ ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀምጠው እንዳለቀሱ እዚያው ፋብሪካ ትሠራ ለነበረችው እናቴ ነግረዋታል።

በማግስቱ ሌሊቱን የሠሩ ሴቶች ለሁለተኛ ፈረቃ ሲቀርቡላቸው ለአንዷም አልፈርምም አሉ። ሥራ አስኪያጁ አስጠሯቸው።

«ሲስተር፣ እንቅልፍም በሽታ ሆነ እንዴ?»

«እንቅልፍስ መድኃኒት ነው። እኔ የለኝም እንጂ ባዘዝኩላቸው ነበር።»

በዚያው ቀን ከክሊኒክ ተነሥተው፣ ደመወዛቸውም ተቀንሶ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ። ቤት ገብተው ለባለቤታቸው ሲነግሯቸው፣ አቶ ቢየንቬኒዶ «እንግዲህ ሩዙን ቀጠን አድርገን እንበላለን» ብለው ተኙ። ሲስተር ይህን ቃል ዕድሜ ልካቸውን በምስጋና ያነሡት ነበር።

ሴቶቹ ግን ዝም አላሉም። ሲስተር አይተው ካልፈቀዱልን ትርፍ ሰዓት አንሠራም ብለው፣ ፈረቃቸው ሲያልቅ እየተነሡ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ጩኸት የለ፣ ሰልፍ የለ፤ ዝም ብለው ሄዱ። የደንበኞች ትእዛዝ ሲዘገይ ሥራ አስኪያጁ ሲስተርን መልሰው አስጠሩና ምን እንደሚፈልጉ ጠየቋቸው። ሲስተር ነገሩን አስበውበት ስለነበር አልተንተባተቡም። ፈረቃው ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከዚያ ወደ ሌሊት ቀስ ብሎ ይዙር፤ ከሌሊት ሥራ በኋላ ሙሉ ዕረፍት ይኑር፤ ለሌሊት ተረኞቹ ትኩስ ምግብና ጋደም የሚሉበት ክፍል ይዘጋጅ፤ ጠዋት የሚወጡትን አውቶቡስ ቤታቸው ያድርስ አሉ። አውቶቡሱ ብዙ ክርክር አስነሥቶ ዘግይቶ መጣ፤ ሌላው በዚያው ዓመት ተፈጸመ፤ ሲስተርም ወደ ክሊኒካቸው ተመለሱ። ኔኒታም ድና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ዛሬ እዚሁ መካከላችን ተቀምጣለች።

ሲስተር ሠራተኞቹ ቤት ገብተውም መተኛት እንዳልቻሉ ሲሰሙ በየኪራይ ቤቱ እየዞሩ ጎረቤት አነጋገሩ። የካራኦኬ ዘፈን ማሽን የሚያከራዩት ሰዎች ቀን ቀን ድምፅ ሊቀንሱ ተስማሙ። ያስቸገሩት የውጊያ ዶሮ የሚያረቡት ጋሽ ቴባን ነበሩ።

«አውራ ዶሮ ሊጮህ ሲል ሰው ያማክራል እንዴ ሲስተር?»

«ዶሮውን መቼ ለመንኩ ጋሼ፤ እርስዎን ነው እንጂ።»

ጋሽ ቴባን ሳምንት አኩርፈው ሰነበቱ። ከዚያ ዶሮዎቹን ባሕሩ ዳር ወዳለው የወንድማቸው ግቢ ወሰዱ። ሲስተርም ለበዓል የተጠበሰ ዓሣ ይዘውላቸው ሄዱ፤ ወዳጅነታቸውም እስከ መጨረሻው ዘለቀ።

በ2016 ጡረታ ከወጡ በኋላም ሌሎች ፋብሪካዎች እየጠሯቸው ይመክሩ ነበር። ቁጡ ነበሩ፤ በተለይ ያልተኛ ሰው «ደህና ነኝ» ሲላቸው። ቤታቸው የመጣ እንግዳም ካዛጋ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል፤ ትራስ ይቀርብለታል።

ከ2021 ጀምሮ በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ረቡዕ ጠዋት ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አጠገባቸው እንዳሉ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው አቶ ቢየንቬኒዶ፣ ልጆቻቸው አርሊንዳና ሮዴልዮ፣ አምስት የልጅ ልጆችና አራት እህትና ወንድሞች ሐዘንተኞች ናቸው።

በአገራችን ወግ ሬሳ ብቻውን አያድርም፤ ወዳጅ ዘመድ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያነጋል። ሲስተር ግን ሕመሙ ሲጠናባቸው አርሊንዳን ጠርተው «የሌሊት ፈረቃ ያለበት ሰው እኔን ሲጠብቅ እንዳያድር። መጥቶ ይሰናበተኝና ይሂድ» ብለው አዘዟት። እንዲሁም ሆነ። የቀብሩ ሰዓት ወደ ማታ የተገፋውም ትናንት ሌሊት ሲሠሩ ያደራችሁ ተኝታችሁ እንድትመጡ ነው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ያሳርፍ። ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን፤ ዛሬ ማታ ሥራ የምትገቡትንም በሰላም ያውላችሁ፣ በሰላም ያሳድራችሁ። አሜን።