ከየቤቱ አንድ ፈረሰኛ

ለክቡር የጦር ኃላፊ ለጌታ ፋርካሽ ኬሬስቱሪ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ የሃይዱዎች፣ የነፃ ፈረሰኞች፣ ከተማ ሰዎች የንጉሠ ነገሥቱ ወታደሮች ግማሽ ከተማችንን ከማቃጠላቸው በቀር ደህና ነን። ለእርስዎም ጤና፣ ዕድሜና ከጦር ሜዳ የራቀ ኑሮ እንመኛለን፤ የመጨረሻው እንኳ ምኞታችንን ሳይጠብቅ ደርሶልዎታል።

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው።

አንደኛ፤ አያቶቻችን ለማንም ጌታ ላይገብሩ፣ በምትኩ ከየቤቱ አንድ ፈረሰኛ ሊያዘምቱ የገቡትን ውል ዘወትር ስለሚያስታውሱን። መስፍናችን በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ከተነሡ ወዲህ ወንዶቻችን ከኮርቻ አልወረዱም። ከተማችን ስትነድ እነርሱ በእርስዎ ትእዛዝ የሩቅ ሰው ምሽግ ይጠብቁ ነበር፤ ሴቶችና ሕፃናት ረግረጉ ውስጥ፣ ሸምበቆ መካከል ተደብቀው ተረፉ። እሳቱ ከበረደ በኋላ ክቡርነትዎ ደርሰው «ከተማችሁን ለምን አልጠበቃችሁም?» ብለው ስለ ገሠጹን እግዚአብሔር ይስጥልን።

ሁለተኛ፤ የዘር አጃችንን ለፈረሶችዎ ስላስጫኑልን። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ክቡርነትዎን ምንም እንደማይቆጭዎ የፈረሶችዎን ሆድ አይቼ ተረድቻለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ጎረቤቴ ስለ ቦርካ። ባሏ ኦርባን በጦርነቱ መጀመሪያ፣ አንድያ ልጇ ገርጌይ ደግሞ አምና በመከር ወደቁ። ክቡርነትዎ ግን ዘንድሮ ከቤቷ ፈረሰኛ አልወጣም ብለው ነፃነቷ እንዲሻር፣ እርሷም ገባር ሆና የእርስዎን እርሻ እንድታርም ፈረዱ። ሁለት ሬሳ ከአንድ ፈረሰኛ እንደሚያንስ ሳናውቅ ልናረጅ ነበር! ፍርዱ ሲነበብላት «እንግዲያው ልጄን ከጉድጓዱ አውጡልኝና ፈረሱን እኔ ልጫንለት» አለች። ባለጌ እንዳይሏት፤ ሐዘን ነው። እኔንም አንገብግቦኛል።

ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ወገቤን ሰብሬ፣ ጎራዴዬን ግን ሳልፈታ እጅ የምነሣ፣

አምብሩሽ ቫጎ፣ ከከተማው ሽማግሌዎች አንዱ

ደብዳቤውን ከዘጋሁ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ክቡርነትዎ ከግብር ነፃ ለመሆን ብለው በከተማችን ቤት ገዝተዋል፤ ሃይዱ ነኝ ብለውም በሸንጎ ፊት ምለዋል። እንኳን ደህና መጡ። የቦርካን ፍርድ እስከ ሰኞ ካላነሡልን ትልቁ ልጅዎ የቤትዎ ፈረሰኛ ሆኖ በማግስቱ ጧት አደባባዩ ላይ ፈረሱን ጭኖ፣ ታጥቆ ይጠበቃል። ቢቀር ግን ፍርዱ የራስዎ ነው፤ መኮትኮቻ ከሌለዎ ቦርካ ታውስዎታለች።