ከዴራ በላይ ያለው ዳገት

የኔ ቶሎሳ፣

እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም፤ መልስ የማላገኝበትን ጥያቄ መጠየቅ ሰልችቶኛል። ከተለየኸን ሁለት ዓመት አለፈ። ጥቁር ልብሴን አውልቄያለሁ፣ የቤቱን ጣራ አሳድሼያለሁ። አይጸድቅም ያልከው ማንጎም ከአጥሩ በላይ ሆኗል፤ እሱንስ ብታየው ታፍር ነበር።

ብስክሌትህን ግን አልነካሁትም። በልቅሶህ ቀን የአርሲ ዘመዶችህ በአገራቸው ወግ የሟች ፈረስ በልቅሶ እንደሚዞረው፣ ግራና ቀኝ ይዘው በለቀስተኛው መሃል አዞሩት። ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይወጣበት ዕቃ ቤት አስገብቼ ቆለፍኩበት። ባለፈው ወር ልጃችን ቢፍቱ ቁልፉን ከትራሴ ስር ወስዳ፣ ከፍታ አውጥታ፣ ጎማውን አስነፍታ፣ ሰንሰለቱን ዘይት ስትቀባ ደረስኩባት። አስራ ሁለተኛን ጨርሳለች፤ እንዳንተው አንዴ ከተናገረች አትመለስም። ኢተያ ድረስ እወጣለሁ አለችኝ። ስንት መንገድ እያለ አንተ የቀረህበትን ያንኑ መረጠች።

ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ ምግብ አልበላም አልኩ። አልሆነም። በመጨረሻ በሰፈራችን ባጃጅ ከኋላዋ ልከተላት ተስማማን።

እውነቱን ልንገርህ፣ ከዳገቱ ይልቅ ያስፈራኝ መኪና መያዝ ነው። እዚያ ዳገት ላይ ሲደርስ የአይሱዙ ኋላ ጨብጦ የማይጎተት ብስክሌተኛ ጥቂት ነው። አንተም እንዲሁ ስትጎተት መኪናው ድንገት ፍሬን ያዘና አጣሁህ። ለምን እንደያዝክ አውቃለሁ። ወርደህ ስትገፋ ሰው እንዳያይህ፣ ጓደኞችህ እንዳይስቁብህ ነው። የሞተን ሰው መቆጣት ነውር ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን እስካሁን እናደድብሃለሁ።

ዴራን እንዳለፍን ዳገቱ ጀመረ። ከታች ሜዳው ተዘርግቷል፣ ከላይ አንተ ሳታያቸው የቀረሃቸው ነጫጭ የነፋስ ተርባይኖች ይዞራሉ። ሰው መኪናውን አቁሞ ፎቶ የሚነሳበት ቦታ ነው። እኔ ከልጄ ጀርባ በቀር ያየሁት የለም።

ባዶ የቲማቲም ሳጥን የጫነ አይሱዙ አጠገቧ ሲደርስ ቀስ አለ። ረዳቱ ከላይ ሆኖ «ኮቱ፣ ነይ፣ ያዢ እንጂ» እያለ በእጁ ጠራት። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ደክሟት ስትንገዳገድ አይቶ ነው። አንድ እጇ ከመሪው ተነሳ። የባጃጁን ሹፌር ትከሻ ጨመደድኩት።

እለፉ ብላ እጇን አወዛወዘችላቸው። ከዚያም ወረደች። ሚኒባስ ሙሉ ሰው እያያት፣ ምንም ሳይመስላት፣ ብስክሌቱን ትገፋ ጀመር።

እኔ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ። ይህን ያህል ቀላል ነበር ቶሎሳ። መውረድ ብቻ ነበር።

ኢተያ ደርሰን ሻይ ስንጠጣ በሚመጣው እሑድ ብቻዬን ነው የምወጣው አለችኝ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጥቻታለሁ፤ ከሰጠኋት ወዲህ ግን እንቅልፍ የለኝም።

ትዝ ይልሃል? ተጫጭተን ሳለ ከገበያ ስንመለስ፣ ከኋላህ መቀመጥ ፈርቼ አልወጣም ስልህ፣ ብስክሌቱን እየገፋህ እስከ በራችን ትሸኘኝ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ሲስቁብህ ግድ አልነበረህም። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የማይህ ከዚያ መኪና ኋላ ነበር። ከእንግዲህ እዚያ አልፈልግህም። አልረሳህም፤ ሳስታውስህ ግን ከጎኔ ነህ፣ በእግርህ፣ ብስክሌትህን እየገፋህ።

ያንተዋ፣
የቢፍቱ እናት