የሲኞራ ፎስካ ዳቦ

ካርሚኔ ወንድሜ፣
ቶስካና ገብቻለሁ። እዚህ ሰዉ ዳቦ ሲጋግር ጨው አይጨምርም፤ ይባስ ብሎ ይኮራበታል! ያረፍኩበት ቤት እመቤት ሲኞራ ፎስካ፣ ዳቦአቸው ላይ ጨው ስነሰንስ ያዙኝ።

«ምነው ልጄ፣ አመመህ እንዴ?»

«እኔስ ደህና ነኝ፤ የታመመው ዳቦው ነው» አልኳቸው።

ሳህኔን ከፊቴ አነሱት። «እንግዲያው ማዶ መንደር ሂድ! እነዚያም ዳቦ አያውቁም፤ ትግባባላችሁ።»

ሁላችንም የጣሊያን ልጆች ሆነን፣ ለቁራሽ ዳቦ ይህን ያህል መናናቅ! እኛ የናፖሊ ሰዎች እንዲህ ያለ ጠባብነት አናውቅም።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እማዬን ሳምልኝ፤ ለመንገድ የሰጠችኝ ዳቦ አልቋልና ቶሎ ትላክልኝ። ግን አደራህን፣ ከእኛው ከተማ ላይኛው ሰፈር እንዳትገዛ፤ እነዚያ ዳቦ አያውቁም።

ያንተው ፓስኳሌ