የማይሰሙትን ጩኸት ሲያጠፉ

ውድ ጋሽ ሽቦ፣

ደብዳቤ የምጽፍ ሰው እንዳልሆንኩ ያውቃሉ። የጋራዤን ደረሰኝ እንኳ እርስዎ ነበሩ የሚጽፉልኝ። ግን ስልክ ብደውል እንደማይሰሙኝ ስለተነገረኝ ይኸው እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጫለሁ።

ማክሰኞ ባለቤትዎ የመሣሪያ ሳጥንዎን ሊወስዱ መጥተው ነበር። እኔ እርስዎ አኩርፈው የቀሩ መስሎኝ፣ «ጋሼ አይመለሱም ማለት ነው?» አልኳቸው።

«በምን ጆሮው ይመለስ? ቀጭን ድምፅ መስማት ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው። አሁንማ በር ሲንኳኳም አይሰማ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ከሥራ ታስወጣኛለች ብሎ ነዋ። ደግሞም አልተሳሳተም።»

ሳጥኑን ተሸክመው ሲወጡ «ላግዝዎት» እንኳ አላልኳቸውም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። የእኛ ሥራ እኮ ጩኸት ማደን ነው። ሞተር ሲነሳ ከስፒከሩ የሚመጣውን፣ ነዳጅ በሰጡት ቁጥር እየቀጠነ የሚሄደውን ያን የትንኝ ድምፅ፣ አንዴም ሳይሰሙት ከስንት መኪና አጠፉት? አሁን ሳስበው ሁሉም ነገር ዓይኔ ሥር ነበር። የግራውንዱን ሽቦ ከመኪናው አካል ጋር የሚያስሩበትን ቦታ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃሉ። በሜትር ሲለኩት ቁጥሩ ዜሮ አጠገብ ካልደረሰ ብሎኑን አያጠብቁም። በመጨረሻ ባለመኪናውን መሪው ላይ ያስቀምጡና በሩ ሥር በርከክ ብለው «እስቲ ነዳጅ ስጠው» እያሉ ፊቱን ያዩታል፣ ግንባሩ እስኪፈታ። እኛ «ዛሬም ፊት ሊያነቡ ነው» ብለን እንስቅ ነበር። ለካ እውነትም ያነቡ ነበር። እኔ ሁለት ጤነኛ ጆሮ ይዤ የእርስዎን ግማሽ አልሠራም።

እርስዎ የሠሩላት የሒሳብ አስተማሪ፣ ጩኸቱ አልጠፋም ብላ መኪናዋን መልሳ ያመጣች ቀን ግን ፊቷን የሚያዩበት ዕድል አልሰጠሁዎትም። እርስዎን መኪናው ውስጥ አስቀምጬ እሷን ከኋላ አቆምኳት። ነዳጅ ሰጥተው «ምንም የለውም» አሉ። መኪናው እኮ እሪ ይላል። ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ሙያ ያስተማሩኝን ሰው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጆሮህ ተደፍኗል?» አልኩዎት። ፒንሳዎን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ።

አሁን ልናዘዝ። ባለቤትዎ ከሄዱ በኋላ የአስተማሪዋን መኪና ፈታሁ። እርስዎ ከኋላ ያሰሩት የአምፕሊፋየሩ፣ የድምፅ ማጉያው፣ ግራውንድ እንከን የለውም። ዳሽቦርዱን ስፈታ ግን የቴፑ ግራውንድ ቀለም የተቀባ ብረት ላይ ታስሯል። ያሰርኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ጨርሰው ከሄዱ በኋላ ቴፑን ስመልስ ሽቦው አጠረኝና፣ ማን ያየዋል ብዬ ያገኘሁት ብሎን ላይ ጠመጠምኩት። ሁለቱ የተለያየ ቦታ ከታሰሩ የዲናሞው ጩኸት በመካከላቸው መንገድ ያገኛል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነበሩ። ሽቦውን ቀጥዬ እርስዎ የፋቁት ብረት ላይ፣ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አንድ ላይ አሰርኩት። ከዚያ ሁለቱንም ጆሮዬን በጥጥ ደፈንኩና አስተማሪዋን መሪው ላይ አስቀምጬ በሩ ሥር በርከክ አልኩ። ነዳጅ ሰጠች። ግንባሯ ሲፈታ አየሁ። ጋሼ፣ ዝምታ ሰው ፊት ላይ እንዲህ እንደሚታይ አላውቅም ነበር።

ያን ቀን ለነበሩት ሁሉ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ። ለእርስዎ ግን ወረቀት አይበቃም። ጆሮ የሚጠይቅ ሥራ ሲመጣ እኔ አለሁ፤ የእርስዎን እጅና ዓይን ግን ከየትም አላመጣውም። ቅዳሜ ጠዋት ልወስድዎ እመጣለሁ። በር ባንኳኳ አይሰሙኝም፤ ስለዚህ መስኮትዎ ፊት ለፊት እቆማለሁ፣ እስኪያዩኝ ድረስ።

አፏን መግዛት ያቃታት ተማሪዎ